የውጅግራው ቀለህ

ባለፈው ክረምት በጅማ ከተማ ሄርማታ መርካቶ ወደምሠራበት ቶርኖ ቤት አንድ ሽማግሌ የአባታቸውን የቆዳ ዝናር በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ከጥይቶቹ የተረፈው አንድ የውጅግራ ቀለህ ብቻ ስለነበር፣ «ልጄ፣ ይቺን መልሰህ ልትሞላልኝ ትችላለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለምን እንደፈለጓት ብጠይቃቸው፣ ዝናሩ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ባዶውን እንዳይቀር ነው አሉኝ።

ጥያቄያቸው እንግዳ አልነበረም። ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» የሚሉትና እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው ጠመንጃ በእኛ አፍ ውጅግራ ሆኖ ቀርቷል፤ ጥይቱም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራበት ነበር። የተተኮሰው ቀለህ ሳይቀር ይሸጥ፣ ይለወጥ፣ ዳግመኛም ባሩድና እርሳስ ይገባበት ነበር።

ይህን ማድረግ የተቻለው ውጅግራ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ስለነበር ነው። ጥቁር ባሩድ ቀለሁን ጢም አድርጎ ቢሞላውም ጠመንጃው እንዲሸከመው ታስቦ የተሠራ ነው፤ 11 ሚሊሜትር ስፋት ያላትን፣ 25 ግራም ያህል የምትመዝነውን እርሳስ በከፍተኛ ጭስ ይወረውራታል። እ.ኤ.አ. በ1886 ለበል የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ጭስ አልባ ባሩድ ይዞ ከመጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ይህኛው ባሩድ በክብደት ሲተያይ ኃይሉ እጅግ የላቀ ስለሆነ፣ በአሮጌው ልማድ በዓይን ግምት ቀለህ ሙሉ የጨመረ ሰው ጠመንጃውን ፊቱ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሱትን የምንሽርና የቤልጅግ ጠመንጃዎች ቀለህ በጓሮ ሙያ መሙላት ድፍረት ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ጣጣ ከቀለሁ ቂጥ ያለችው፣ ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው መለኮሻ ቆብ ናት። በብዙ የአውሮፓ ጦር ሠራዊት ቀለሆች ውስጥ በቆቧ ሥር ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉ፣ አንድ መሐል ቀዳዳ ላለው ቀለህ የተሠራው፣ ያገለገለችውን ቆብ ገፍቶ የሚያስወጣው መርፌ አይገባም። የሚገርመው፣ ባለ ሁለት ቀዳዳው የአሜሪካዊው የበርዳን ፈጠራ ሆኖ አውሮፓ ሲወስደው፣ ባለ አንድ ቀዳዳው የእንግሊዛዊው የቦክሰር ደግሞ አሜሪካ ገብቶ መለመዱ ነው። በድሮዎቹ ቆቦች የሚገኘው ክሎሬት የተባለ ኬሚካል ከተኩስ በኋላ በአፈሙዙ ውስጥ እንደ ገበታ ጨው ያለ ቅሪት ይተዋል፤ ቅሪቱ እርጥበት ይስባል፣ ዘይትም አያሟሟውም፤ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ነው የሚቀባው። የጅማን ክረምት ለሚያውቅ ዝገቱ በስንት ቀን እንደሚደርስ መንገር አያስፈልገኝም።

የሽማግሌውን ቀለህ በአጉሊ መነጽር ስመለከተው፣ ከአንገቱ ቁልቁል እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወርዶበታል። ናስ በተለጠጠና በተጠበበ ቁጥር እየደደረ ስለሚሄድ፣ አንገቱ በእሳት ካልለሰለሰ ይሰነጠቃል፤ ይህም ቀለህ ከአንድ ጊዜ በላይ ሳይሞላ አልቀረም። ስንጥቁ ባይኖር እንኳ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ባሩድ እንደማላስገባ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ባዶዋን አሳምርልኝ» አሉ። ከቆራሌ የገዛሁትን እርሳስ በልኩ ጠርቤ አፉ ላይ ገጠምኩት፤ ውስጡ ባዶ መሆኑን ያየ ሁሉ እንዲያውቅ ደግሞ የቀለሁን ጎን በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ በሳሁት። ሽማግሌው ቀዳዳውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ካዩ በኋላ፣ ዝናራቸው ውስጥ ቀዳዳውን ወደ ግድግዳው አዙረው ከተቱት።