ገናና የኪራይ ቀን

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ጾሙ ተፈቶ፣ ዶሮ ወጡ ተበልቶ፣ ቄጠማው ላይ ረከቦት ሲቀርብ የሚነበብ መልእክት ነው። ረዘም ስለሚል በአቦል ጀምራችሁ በበረካ ጨርሱት።

ከእናንተ መካከል ታሪካዊ ልብወለድ የሚጽፉ፣ የሚተረጉሙ፣ ካልሆነም አንብበው የሚሟገቱ ጥቂት አይደሉም። የዘንድሮው መልእክት በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች፣ በጥጥና በሩዝ እርሻ ላይ በባርነት ስለኖሩ ሴቶች የሚጻፈውን ልብወለድ ይመለከታል። ለበዓል የማይሆን ወሬ የሚመስለው ይኖራል። ግን በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ገና ምዕራፍ የሚበላሽ የለም። ጌታው በረንዳ ላይ ቆሞ ስጦታ ያድላል፣ ቫዮሊን ይመታል፣ ሴቶቹ ይጨፍራሉ፣ ምዕራፉ ይዘጋል። ጭፈራው ውሸት አይደለም። የጠፋው ከጭፈራው ቀጥሎ የሚመጣው ቀን ነው። (ከዚህ በታች ያሉትን ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ፤ አንዷን ብቻ በራሳችን ጽፌያለሁ።)

የፈረንጅ ገና ዲሴምበር 25 ነው፤ ጃንዋሪ 1 በሳምንቱ ይደርሳል። በብዙ እርሻ በዚህ መካከል የማሳ ሥራ ይቆማል። ሦስት ቀን ብቻ የሚሰጥ ነበረ፣ እስከ አዲስ ዓመት የሚያደርስም ነበረ። ትልቁ ቤት፣ ማለትም የጌታው መኖሪያ፣ ምድጃ ውስጥ የገባው ግንድ ነድዶ እስኪያልቅ ዕረፍቱ ይቆያል የሚባልበት ቦታ ላይ፣ ሰዎቹ ወፍራም ግንድ መርጠው ቀድመው ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፉት እንደነበር ይተረካል። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ የበዓሉን ውስኪ በበጎ አላየውም፤ ጌቶቹ ሰዉን የሚያሰክሩት ነፃነት ማለት ይኸው ስካር ነው ብሎ እንዲጠላው ነው ሲል ጽፏል።

ለሴቲቱ ግን ሳምንቱ ዕረፍት አልነበረም ማለት ይቀላል። ትልቁ ቤት እንግዳ ይሞላል፤ ምግብ አብሳይዋ፣ ልብስ አጣቢዋና ሞግዚቷ ከወትሮው በላይ ይለፋሉ። የማሳዋ ሴት የራሷን ልብስ የምታጥበው፣ የልጆቿን የምትጥፈው፣ ሌላ እርሻ ላይ ያለውን ባሏን የምታገኘው ያኔ ነው። ባልና ሚስት በሁለት ጌታ ሥር ተራርቀው መኖራቸው የተለመደ ነበር። ብዙ ጊዜ መንገድ የሚወጣው ባል ነው፤ የይለፍ ወረቀት ለወንድ ይቀል ነበርና። ስለዚህ ጀግናችሁ በየሳምንቱ ብድግ ብላ ሰው ልትጠይቅ የምትሄድ ከሆነ ወረቀቱን ማን እንደጻፈላት አስቡበት።

ከዚያ ጃንዋሪ 1 ይመጣል። ዕዳ የሚዘጋበትና ጌታው በባርነት የያዘውን ሰው ለሌላ ለዓመት የሚያከራይበት ቀን ነው። ተከራዩ በዓመቱ መጨረሻ እከፍላለሁ ብሎ የተስፋ ሰነድ ይፈርማል፤ የበጋና የክረምት ልብስ፣ ጫማና ብርድ ልብስ ሊሰጥ ይገባል፤ ውሉ በገና ያበቃል። እንግዲህ አስቡት፤ ተከራይታ የቆየችው ሴት ለገና ወደ ልጆቿ ትመለሳለች፣ በሳምንቱ ደግሞ ለማን እንደምትሰጥ ሳታውቅ ትቆማለች። ትንንሽ ልጆች የያዘች ሴት ኪራይዋ ይወድቃል። ከነልጆቿ ለማኖር ትንሹን ገንዘብ ለጠየቀ ሰው የምትሰጥበት ጊዜም ነበር፤ ሥራዋ የልጆቹን ቀለብ አይሸፍንም ብለው ነው። የሰሜን ካሮላይናዋ ሃሪየት ጄከብስ በ1861 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ የባሪያ እናት አዲስ ዓመት ዋዜማ ምን እንደሚመስል ጽፋለች፤ ሴትዮዋ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተቀምጣ ነገ ሊወሰዱባት የሚችሉትን ልጆቿን ስታይ ታድራለች። የገና ምዕራፍ ስትጽፉ ይህችን ሌሊት አትዝለሏት።

ጽንሱም በሕግ ተመዝኖ ነበር። የቨርጂኒያ ምክር ቤት በዲሴምበር 1662 የልጅ ዕጣ፣ ባሪያ ወይም ነፃ መሆኑ፣ የእናቱን ይከተላል ብሎ ደነገገ። በእንግሊዝ ሕግ ልጅ የሚከተለው አባቱን ነበር፤ እነሱ ገለበጡት። ስማችን ላይ የአባት ስም ለምንጽፍ ለእኛ ነገሩ ቶሎ አይገባንም። በመዝገቡ ላይ ልጁ በእናቱ ስም ሥር ይሰፍራል፣ የአባቱ ቦታ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ አባትየው ጌታው ራሱ ቢሆንም ልጁ የጌታው ንብረት ነው። በጃንዋሪ 1 ቀን 1808 ከውጭ ባሪያ ማስገባት ሲከለከል የወላድ ሴት ዋጋ ናረ። ልብ በሉ፣ እሱም ጃንዋሪ 1 ነው።

አሁን ጠበቅ አድርገን የምናየው አንድ ሰነድ አለ። ጄምስ ሄንሪ ሃሞንድ የደቡብ ካሮላይና ገዢና ኋላም ሴናተር የነበረ፣ በ1858 ሴኔት ውስጥ ጥጥ ንጉሥ ነው ያለ ሰው ነው። ለእርሻው ኃላፊ በ1850ዎቹ በጻፈው መመሪያ ላይ የምታጠባ ሴት ሥራ በደቂቃ ተሰፍሯል። ፀሐይ ስትወጣ ሕፃኑን የልጆች ቤት አስረክባ ማሳ ትወርዳለች። ማሳዋ ከሰፈሩ ከግማሽ ማይል፣ ማለትም ከ800 ሜትር አይርቅም። ሕፃኑ ስምንት ወር እስኪሆነው በቀን ሦስት ጊዜ፣ ረፋድ፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ፣ ተመልሳ ታጠባለች፤ በየጊዜው 45 ደቂቃ። ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር ቀትር ላይ ብቻ። ጡት ሲጥል ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእናቱ ይለያል። የምታጠባ ሴት ሥራ የአንድ ሙሉ ሠራተኛ ሦስት አምስተኛ ተብሎ ይቆጠራል።

አንዲት መስመር ግን ከሁሉ ትበልጣለች። በበጋ እናትየው ልጆች ቤት ደርሳ ሰውነቷ እስኪበርድ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳትጠብቅ ማጥባት አይፈቀድላትም። ወተቱ ይሞቃል ብለው ነው። ልብወለድ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? ሕፃኑ ውስጥ ያለቅሳል፣ እሷ ደጃፍ ላይ ቆማለች፣ ወተቱ ቀሚሷን ያረጥባል፣ ጠባቂዋ አሮጊት ጊዜውን ትቆጥራለች። ጅራፍ የለም፣ ጩኸት የለም። እኔ ብሆን ሙሉ ምዕራፍ እዚያች ደጃፍ ላይ እጽፋለሁ። እንዲህ ተጠንቅቆ የጻፈው ያው ሃሞንድ በ1839 ሳሊ ጆንሰን የምትባል ወጣት ልብስ ሰፊ ከአንድ ዓመት ልጇ ከሉዊዛ ጋር ገዝቶ መጀመሪያ እናቲቱን፣ ኋላም ልጅቱን በአልጋው አድርጓል። በ1856 ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ ከእነሱ የተወለዱትን አትሽጣቸው፣ እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ባሪያ ሆነው ይቆዩ ብሎ ተናዟል። ደግ ጌታ የሚባል ገጸ ባሕርይ የምትፈጥሩ ሁሉ ይህን ሰው አጥኑት።

ወደ ልብሱ እንምጣ፤ እዚህም ስሕተት ይበዛል። በዚያው መመሪያ ወንዱ በመኸር የተሰፋ ሸሚዝ፣ ሱሪና ጃኬት ይቀበላል። ሴቷ የምትቀበለው ጣቃ ነው፤ 6 ያርድ የሱፍ ጨርቅና 6 ያርድ ወፍራም ጥጥ፣ በእያንዳንዱ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ከዚያ አንድ መርፌ፣ አንድ ጥቅል ክርና ስድስት ቁልፍ። ቀጣዩ መርፌ የሚታደለው በጸደይ ነው። ስለዚህ ልብሷ ማለት ከማሳ መልስ በእሳት ብርሃን የምትሠራው ሌላ ሥራ ማለት ነው። ቡናማ ቀለም ከዎልነት ዛፍ ልጣጭ ይነከር ነበር። ለገና ሻሽ መታደሉ እውነት ነው፤ ማሳ ላይ አበባ ያለው ቀሚስ ለብሳ ጥጥ የምትለቅም ጀግና ግን ከሽፋን ሥዕል ላይ የተቀዳች ናት።

ጥጥ በግንቦት አይለቀምም። ከኦገስት መጨረሻ ይጀመራል፣ እስከ ገናና ከዚያም በኋላ ይዘልቃል። ነፃ ሰው ሆኖ ሳለ ታፍኖ ለባርነት የተሸጠው ሰለሞን ኖርዝፕ በነበረበት በሉዊዚያና የአንድ ሰው የቀን ግዴታ 200 ፓውንድ፣ 90 ኪሎ ገደማ ነበር። ይህ ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ ነው፤ ተዳምጦ ሲጣራ ከሦስት ኪሎ አንድ ኪሎ ያህል ይተርፋል። ማታ ሚዛን ላይ የጎደለባት ትገረፋለች፤ የበለጠላት ነገ ግዴታዋ ይጨመርባታል፤ ቅርጫት ተሸክሞ ወደ ሚዛኑ መሄድ የሚያስፈራው በሁለቱም በኩል ነው። ፓትሲ የምትባለው ወጣት በቀን 500 ፓውንድ ትለቅም እንደነበር ኖርዝፕ መስክሯል። አላዳናትም። እመቤቲቱ ሳሙና ስለከለከለቻት ለምና ልታመጣ ጎረቤት እርሻ ሄዳ ስትመለስ ቆዳዋ እስኪላጥ ተገረፈች።

ሩዝ ላይ ተርጓሚዎቻችን ዕድለኞች ናቸው። በካሮላይናና በጆርጂያ ጠረፍ ሴቶቹ የሚሠሩበት ሙቀጫ፣ ዘነዘናና ሰፌድ ነው፤ ከአፍሪካ የመጣ ሙያ ነው። ቃሉን ግን አደራ፤ «ወቀጠች» ሳይሆን «ሸከሸከች» ነው። ሩዝ ከተወቀጠ ይሰባበራል፣ የተሰበረ ሩዝ ደግሞ በገበያ ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ ዘነዘናውን አቅልሎ መጣል የጉልበት ብቻ ሳይሆን የእጅ ጉዳይ ነው። ታሪኩ በ1850 የሚካሄድ ከሆነ ለገበያ የሚወጣውን ሩዝ በሙቀጫ አታስፈትጉ፤ የውኃ ወፍጮ ከ1787 ጀምሮ ሥራውን መውሰድ ጀምሯል፤ ሙቀጫው ለቤት ቀለብ ነው የቀረው።

ስለ ቃል ካነሣን፣ አሮጊቷን ጥቁር ሴት ነጮቹ «አክስት» እያሉ ይጠሩ የነበረው ወይዘሮ ላለማለት ነው። ይህን «እትዬ» ብላችሁ ከተረጎማችሁት ንቀቱ አክብሮት ይሆናል። እርስ በርሳቸው ሲጠራሩ ግን ክብር ነውና እዚያ «እትዬ» ያምራል። «ባሪያ» የሚለውን ደግሞ ለጌታው አፍ ተዉለት፤ ተራኪዋ «በባርነት የተያዘች» ትበል። በእኛም አገር ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም ቃሉ ዛሬም ሰው መስደቢያ ነው፤ አንባቢያችሁ መካከል እሱ የሚያቆስለው አለ።

በገና ስለተደረገ ማምለጥ ለመጻፍ ያሰበ ካለ ኤለን ክራፍትን ያስታውስ። በዲሴምበር 1848 ከባሏ ጋር ለበዓል የተሰጣቸውን ይለፍ ይዘው ከሜከን፣ ጆርጂያ ወጡ። ቆዳዋ ነጣ ያለ ስለነበር ታማሚ ነጭ ወንድ መስላ፣ ባሏ አሽከሯ ሆኖ፣ በባቡርና በመርከብ ተጓዙ። ሱሪውን የሰፋችው ራሷ ናት። ቀኝ እጇን በጨርቅ ያንጠለጠለችው መጻፍ ስለማትችል ሆቴል ላይ ፈርሚ እንዳትባል ነው። የገና ዕለት ማለዳ ፊላደልፊያ ገቡ።

የመጨረሻው ታሪክ ሜሪላንድ ላላችሁት ሩቅ አይደለም፤ ቼሳፒክን ተሻግሮ ቾፕታንክ ወንዝ አጠገብ፣ ፖፕላር ኔክ የሚባል ቦታ ነው። በ1854፣ ከባርነት አምልጣ ሌሎችን ታስመልጥ የነበረችው የሃሪየት ተብማን ሦስት ወንድሞች ከገና ማግስት ሊሸጡ ተቆረጠ። እሷ ከሰሜን መጥታ በዋዜማው ወሰደቻቸው። ወላጆቻቸው ጎጆ አጠገብ ካለ የመኖ ማከማቻ ውስጥ ተደብቀው ገናን ዋሉ። እናታቸው ሪት አሳማ አሳርዳ ልጆቿን ለምሳ ትጠብቃለች፤ በየገናው ይመጡ ነበርና። አልነገሯትም። ድምፅ አውጥታ ታለቅሳለች፣ ሰፈሩ ይሰማል ብለው ፈሩ። በሳንቃው ስንጥቅ ሲያዩዋት ደጋግማ ደጅ ትወጣለች፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ መንገዱን ታያለች፣ ትመለሳለች። ሃሪየት እናቷን ካየች ስድስት ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር።

አባትየው ቤን ምግብ አቀበላቸው፤ ግን ቀና ብሎ አላያቸውም። ማታ ሲሸኛቸው ዓይኑን በመሐረብ አስሮ፣ ልጆቹ ግራና ቀኝ ይዘውት መንገዱን አብሯቸው ሄደ፤ ከዚያ ኮቴያቸው እስኪጠፋ ቆመ። ፈላጊዎቹ ሲመጡ ከልጆቼ አንዳቸውንም አላየሁም አለ፤ አልዋሸም። ሪትን ጠየቋት። ቀኑን ሙሉ ስጠብቃቸው ዋልኩ፣ ዘንድሮ አንዳቸውም አልመጡም አለች።

መልካም በዓል፣ ወዳጆቼ።