ደፍኖ ማሞቅ፣ ከፍቶ ማድረቅ፦ የ12 ካሬ ሜትር ግሪንሃውስ

የግሪንሃውሴ፣ ማለትም ብርሃን በሚያስገባ ሽፋን ተከልሎ አትክልት የማበቅልበት ቤት፣ ወለሉ 3 በ4 ሜትር፣ አማካይ ቁመቱ 2.2 ሜትር ነው። ስለዚህ ውስጡ 26 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይይዛል፤ ግድግዳውና ጣሪያው ሲደመሩ ደግሞ ወደ 42 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ምንም ነገር ሳልገዛ በፊት እነዚህን ቁጥሮች ጻፍኳቸው፤ ስሌቴ ሁሉ የተነሳው ከእነሱ ነው።

መጀመሪያ የፈለግኩት ቀዳዳውን ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ሁሉንም ዘግቼ፣ ሰንደል ለኩሼ በየመጋጠሚያው በዝግታ አስጠጋሁ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ከበሩ ሥር ግን ድንገት ወደ ጎን ተለጠጠ፤ እዚያ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። በሩን በጎማ፣ ሌላውን በሲሊኮን ደፈንኩ። ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ፖሊካርቦኔትን (ብርሃን የሚያስገባ ጠንካራ ፕላስቲክ) ሊሰነጥቅ ስለሚችል፣ ገለልተኛ የሚባለውን ነው የተጠቀምኩት።

ሽፋኑን ከአንድ ነጠላ ላስቲክ በሁለት ግድግዳው መካከል ቦዮች ወዳሉት 10 ሚሊ ፖሊካርቦኔት ቀየርኩ። ውስጥና ውጭ በ10 ዲግሪ ሲለያዩ ነጠላው ላስቲክ ወደ 2,500 ዋት ያህል ሙቀት ያስወጣ ነበር፤ ይሄኛው የሚያስወጣው የዚያን ግማሽ ገደማ ነው። አገጣጠሙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከፀሐይ ጨረር የሚከላከለው ሽፋን በብዙዎቹ ላይ በአንድ ፊት ብቻ ስላለ፣ ያ ፊት ወደ ውጭ ይዞራል። የውስጥ ቦዮቹ ከላይ ወደ ታች መውረድ አለባቸው፤ የላይኛው ጫፍ በአሉሚኒየም ቴፕ ይታሸጋል፣ የታችኛው ደግሞ አየር በሚያስተላልፍ ቴፕ። እኔ ሁለቱንም ጫፍ አሽጌ ውሃው ውስጥ ቀረና ቦዮቹ አልጌ አበቀሉ። አልጌው አንዴ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ቀዳዳውን ደግሞ ለ6 ሚሊ ብሎን 10 ሚሊ አድርጌ በትራፓኖ በሳሁ፣ ከላይ ሰፊ የጎማ ሮንዴላ አደረግኩበት። ምክንያቱም 2 ሜትር ርዝመት ያለው ፖሊካርቦኔት በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 5 ሚሊ ያህል ይለጠጣል፤ መላወሻ ካጣ ይጎብጣል ወይም ከብሎኑ ዙሪያ ይሰነጠቃል።

በመሠረቱ ዙሪያ 40 ሳንቲ ቆፍሬ ውሃ የማይመጥ 5 ሳንቲ ጠንካራ ፎም ቀበርኩ። ባለ 200 ሊትር ጥቁር የውሃ በርሜልም አስገባሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ስሙ ከሥራው ይበልጣል። ውሃው በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፣ ይህም ከላይ ያልኩትን ኪሳራ ለሁለት ሰዓት እንኳ አይሸፍንም። ሌሊቱን ሙሉ ያሞቃል ብሎ የሚጠብቅ ይከስራል።

ዋናው ስህተቴ ይህን ሁሉ ደፍኜ መስኮቶቹን እንደዘጋሁ መተኛቴ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቲማቲሙ ግንድ ላይ ግራጫ ሻጋታ ወጣ። ነገሩ ግልጽ ነው፦ 20 ዲግሪ የሞቀና እርጥበቱ 80 በመቶ የሆነ አየር ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 4 ግራም ያህል ውሃ ይጥላል። ለ26ቱ ሜትር ኩብ ግማሽ ብርጭቆ ገደማ ነው፣ ቅጠሉና አፈሩ ሌሊቱን የሚጨምሩትን ሳይቆጥር። ያ ሁሉ ቅጠል ላይ ያርፋል። ቀድሞ በየስንጥቁ ይወጣ የነበረውን መውጫ የደፈንኩበት እኔው ነኝ።

ሙቀት ይባክናል ብዬ መስኮት መክፈት ፈርቼ ነበር፤ ስሌቱ ግን ሌላ ነው። አየሩን በሙሉ አንዴ ቀይሮ በ10 ዲግሪ መልሶ ማሞቅ ከ0.1 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም፤ ግድግዳው ይህን በአምስት ደቂቃ ያባክነዋል። አሁን ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት የላይና የታች መስኮቶችን ለ10 ደቂቃ እከፍታለሁ፣ ውሃ የማጠጣው ጠዋት ብቻ ነው፣ አንዲት ትንሽ ማራገቢያም ቅጠሉን እምብዛም ሳታወዛውዝ ሌሊቱን ትሽከረከራለች።

ለቀኑ ሙቀት መስኮቶቹ ከወለሉ 20 በመቶ፣ ማለትም 2.4 ካሬ ሜትር፣ እንዲሆኑ አደረግኩ፤ ግማሹ ጣሪያ ላይ፣ ግማሹ ግድግዳው ሥር። የነፍሳት መረብ የአየሩን ፍሰት ስለሚቀንስ፣ መረብ የሚያደርግ ሰው መስኮቱን ማስፋት አለበት። ማስወጫው ቬንትሌተር አየሩን በደቂቃ አንዴ እንዲቀይር በሰዓት 1,560 ሜትር ኩብ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ከበሩ አንድ ሜትር ርቆ ነበር የተገጠመው፤ በሩ ሲከፈት የሚስበው የበሩን አየር ብቻ ሆነና ከወዲያኛው ጥግ ያንጠለጠልኩት ክር ንቅንቅ አላለም። ወደ ተቃራኒው ግድግዳ አዛውሬው በሩን ስዘጋ፣ የታቹን መስኮት ብቻ ስከፍት ክሩ ተነሳ።

የጣሪያውን መስኮት የሚከፍተው ሰም የሞላበት ሲሊንደር ነው፤ ሰሙ ሲሞቅ ያብጥና ዘንጉን ይገፋል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ግን ለመንቃት ደቂቃዎች ይወስድበታል፣ ነፋስ ሲገለብጠውም አይችልም። አጭር ሰንሰለት አሰርኩለት። ቴርሞሜትሩን ከፀሐይ ከልዬ በቅጠሎቹ ቁመት ሰቀልኩት፤ ጣሪያ ሥር እያለ ከትክክለኛው በላይ ያነብ ነበር።