ኑዛዜዬን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት

አባታችን ሲያርፉ ኑዛዜ አልተዉም ነበር። እህትና ወንድም ለውርስ ሲካሰስ ምን እንደሚመስል ያኔ አየሁት። በልጆቼ እንዳይደገም ብዬ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ አልን።

አዘዞ ያለችው ቤታችን ለታናሿ ልጃችን ትሁን ተባባልን፤ ስንታመም ያስታመመችን እሷ ናት። ፒያሳ ሄጄ «እኛ ባልና ሚስት» ብሎ የሚጀምር ወረቀት በኮምፒዩተር አስጻፍኩ። ቡና ተፈላ። ሁለታችንም ፈረምን፣ የነፍስ አባታችንና ሁለት ጎረቤቶች መሰከሩ። የቤት ገመና ነው ብዬ ጽሑፉን በእጄ ሸፍኜ ነበር ያስፈረምኳቸው። ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት።

ለጥምቀት የአጎቴ ልጅ ከባሕር ዳር መጣ፤ ጠበቃ ነው። አሳየሁት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይጸናም» አለኝ። ክው አልኩ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ እንዲናዘዝ አይፈቅድም፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ። ይሄ ብቻውን ያፈርሰዋል። በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ ደግሞ አራት ምስክር ያስፈልጋል። አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ነው ሁለት የሚበቃው። ኑዛዜው በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑም እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። እኔ ግን በእጄ ሸፍኜዋለሁ!

«እሺ፣ ራሴ በእጄ ብጽፈውስ?» አልኩት። ይቻላል። ግን ሙሉውን በራስ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ማስፈር፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ማኖር ያስፈልጋል። በ7 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠም ይወድቃል። የኔ ሳጥን አያድነውም።

ከሁሉ የከበደኝ የትልቁ ልጄ ነገር ነው። «ምንም አይድረሰው» ብዬ ነበር። ልጅን ከውርስ ለመንቀል ምክንያቱ ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። «ምክንያቱን ንገረኝ» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ኩርፊያ ነበር፣ ሌላ አልነበረም።

ሁለተኛውን ኑዛዜ የአጎቴ ልጅ አዘጋጀልኝ። ባለቤቴ የራሷን ለብቻዋ አደረገች። የኔ ሲነበብ አራቱም ምስክሮች ዝም ብለው ሰሙ። የትልቁ ልጄ ስም ሲጠራ ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ።