ይሄማ ዕቁብ ነው!

የሕክምና ስፔሻሊቲ ጨርሰን ባሕር ዳር በረዳት ፕሮፌሰርነት ስንቀጠር የሁላችንም ጭንቀት አንድ ነበር። ቀን ራውንድ፣ ማለትም የተኙ ሕሙማንን እየዞሩ ማየት፣ እና ማስተማር፤ ማታ ዱቲ፣ ማለትም የሌሊት ተረኝነት። ማዕረግ ለማደግ ደግሞ ጥናት ማሳተም የግድ ነው። «ሲኒየር አማካሪ ይመደብላችኋል» ተብለን ነበር። ተመደቡልንም፤ ግን ወይ አዲስ አበባ ናቸው ወይ የግል ክሊኒካቸው። አልፈርድባቸውም፤ ደሞዙን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ እርስ በርሳችን ልንማከር ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር አንድ ዓሣ ቤት መገናኘት ጀመርን። አንድ ኃላፊያችን ወሬውን ሰምተው ቢሮ ጠሩን።

«ማነው የሚመራችሁ?»

«ማንም» አለች የማህፀን ሐኪሟ።

«ያለ ሲኒየር? ይሄማ ዕቁብ ነው!»

ሳቁ። እኛም ለአክብሮት ያህል ሳቅን። ስንወጣ ግን ሰርጀኑ «ዕቁብስ ምን አለው?» አለ።

እውነቱን ነው። እስከዚያ ድረስ አፉ የፈጠነ ሰዓቱን ይበላው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕጣ ማውጣት ጀመርን። የደረሰው ሰው ረቂቁን ያመጣል፤ ያን ቀን የሌላ ሰው ጉዳይ አይነሳም። ስታቲስቲክስ የሚገባው ሰንጠረዡን ይፈትሻል፣ እንግሊዝኛው የሚቀናው ያርማል። ዕጣው ለእኔ ሲደርስ የሕፃናት ሐኪሙ ዘይት በነካው እጁ እስክሪብቶ አነሳና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ጥርግ አድርጎ ሰረዛቸው። «ጥናትህ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው» አለኝ። ሲኒየር ቢለኝ አመሰግን ነበር። እሱ ስላለኝ ግን ሰነበትኩ አኩርፌው። ገጾቹ ግን አልተመለሱም።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ለጆርናል ሊላክ ሲል ኃላፊያችን እንደገና ጠሩን።

«ስሜን የት ጋ አደረጋችሁት?»

ሰርጀኑ ትሁት ነው። ምንም ሳይል ስልኩን ከፍቶ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የጽሑፍ ደራሲ ለመባል ያወጣቸውን አራት መስፈርቶች ሰጣቸው። ጥናቱን በመንደፍ ወይም መረጃውን በመሰብሰብ ወይም በመተንተን ጉልህ ድርሻ መኖር። ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በጥልቀት ማረም። የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ። ለሥራው ኃላፊነት መውሰድ። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት።

«ሦስተኛው ላይ ችግር የለብኝም» አሉ። «አጸድቃለሁ።»

«አራቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው፣ ዶክተር» አለች የማህፀን ሐኪሟ።

«ታዲያ ዕቁባችሁ ውስጥ ልግባ?»

«ደስ ይለናል። ረቂቅ ይዘው ይምጡና ዕጣ ውስጥ እናስገባዎታለን።»

ቢሮው ጭጭ አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ረቂቅ ይዘው አልመጡም። ስማቸውን ምስጋናው ላይ አስገባነው፤ «ለሰጡን ሐሳብ» ብለን። ሐሳቡ ምን እንደሆነ አልጻፍንም።

ዘንድሮ ለአዲስ ተቀጣሪ መምህራን ገለጻ ሲያደርጉ ግን የዕጣውን አሠራር አንድ በአንድ አስረዱ። «እንዴት እንዳሰብኩት ልንገራችሁ» ብለው ነው የጀመሩት።