«ሴንሰር ላክልኝ»፦ የባሕር ዳሯ ሃይብሪድ መኪና

ውጭ አገር በመካኒክነት የሚሠራ ሰው ከዘመድ የሚደርሰው መልእክት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የክሩስኮት ፎቶ፣ የብልሽት ኮድ፣ ከሥሩም «ይህን ዕቃ ገዝተህ ላክልኝ» የሚል ቃል። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ተቀጥሬ ስሠራ ባሕር ዳር ከሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የመጣልኝም ከዚህ የተለየ አልነበረም። እ.ኤ.አ. የ2010 ስሪት በሆነችው፣ በቤንዚን ሞተርና በኤሌክትሪክ በምትሠራው ቶዮታ ፕሪየሱ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት በርታ አልጠፋ ስትለው፣ አንድ ሰው በስልክ በሚሠራ ርካሽ ስካነር ፒ0141 እና ፒ0420 የሚሉ ኮዶችን አንብቦ «ሴንሰሩ ሞቷል፤ ካታሊስቱም አብሮት ሄዷል» ብሎት ነበር፤ ካታሊስት የሚባለው በጭስ ማውጫው ላይ ጭሱን የሚያጣራው ክፍል ነው። እኔም ለዕረፍት የምመጣበት ጊዜ ስለ ተቃረበ መኪናዋን ራሴ ሳላያት ምንም እንደማልገዛ ነገርኩት፤ በሻንጣዬም ስካነርና ኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ብቻ ይዤ መጣሁ። «ከአሜሪካ ድረስ ባዶ እጅህን!» ያለኝን ቃል እናታችን ፊት ሳይቀር ደጋግሞታል።

ኮድ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ፒ0141 የሚለው ከካታሊስቱ በኋላ ያለው የሁለተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ መስመር ችግር እንዳለበት ነው፤ መስመር ሲባል ደግሞ ሴንሰሩን ብቻ ሳይሆን ፊውዙን፣ ሽቦውን፣ ሶኬቱንና ኮምፒውተሩን ያጠቃልላል። ፒ0420ም ካታሊስቱ ጭሱን በሚገባው መጠን እያጣራ እንዳልሆነ የሚናገረው በዚሁ ሁለተኛ ሴንሰር ንባብ ተመርኩዞ ነው። እኔ በምሠራበት አካባቢ የመካኒክ የሰዓት ክፍያ እጅግ ውድ ስለሆነ፣ ምክንያቱን በመፈለግ ሰዓት ከማጥፋት ይልቅ ዕቃውን ቀይሮ መሸኘት ለደንበኛውም ለጋራዡም የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው። ባሕር ዳር ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ የሠለጠነ እጅ አለ፣ መለዋወጫው የለም። ስለዚህ ምርመራው በትክክል የሚሠራው ዕቃ በጠፋበት ቦታ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ወንድሜ ወደሚያምናቸው መካኒክ ጋራዥ ስንሄድ፣ በዕድሜም በሙያም የሚበልጡኝ ሰው ስለሆኑ ስካነሩን ሰክቼ ቁጥሮቹን ለእሳቸው አሳየሁ። ዓይናቸውን መጀመሪያ የሳበው የአየር ግፊቱ 81 ኪሎፓስካል መሆኑ ነበር። «ይኸኛውስ ሴንሰር አልተበላሸም?» አሉኝ። በባሕር ጠለል አካባቢ 101 ግድም የሚሆነው ግፊት ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ባሕር ዳር 81 ቢሆን ትክክል ነው፤ የጥገና መጽሐፉ የሚያሳየው ምሳሌ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ስለሆነ ብቻ ደህና ሴንሰር ተፈትቶ ሊጣል ይችላል።

ሃይብሪድን ከሌላው መኪና የሚለየው ዋናው አስቸጋሪ ነገር ሞተሩ በራሱ ፈቃድ መነሳቱና መጥፋቱ ነው። ወንድሜ ከግሽ ዓባይ ወደ ቀበሌ 14 ከባጃጆች ኋላ እያዘገመ ሲሄድ ሞተሩ ለብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይቆያል፤ ኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ በትክክል የሚያነበው 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ስለሆነ፣ ማሞቂያው ከሌሎች መኪኖች ይልቅ ሥራ ይበዛበታል። ለምርመራም ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን መስጫው ሳይረገጥ፣ ሳይቋረጥ እንዲሠራ የጥገና ሁኔታ የሚባለውን ማስገባት ያስፈልጋል፦ ፍሬን ሳይረገጥ የማስነሻው አዝራር ሁለት ጊዜ ተጭኖ፣ በ60 ሰከንድ ውስጥ ቤንዚን መስጫው በፓርክ ሁለቴ፣ በኒውትራል ሁለቴ፣ እንደገና በፓርክ ሁለቴ እስከ ታች ይረገጣል፤ ከዚያ ፍሬን ተይዞ ይነሳል። ከሥር ለሚገባ ሰው ግን በተቃራኒው መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ጠፍታ ቁልፉ ርቆ መቀመጥ አለበት። ብርቱካናማዎቹ ገመዶች ከ200 ቮልት በላይ ስለሚይዙ ያልሠለጠነ እጅ አይነካቸውም።

ማሞቂያውን በቴስተር ስንለካው ኦሙ ከአምራቹ ወሰን አልወጣም። በሶኬቱ በኩል የሚመጣው ኤሌክትሪክም ያለ ጭነት ሲለካ 12 ቮልት ያሳያል፤ የሙከራ አምፖል ሲታሰርበት ግን አምፖሉ ፈዞ ይቀራል። ሶኬቱ ሲከፈት አንደኛው ፒን አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ወንድሜ መኪናዋን የሚያሳጥበው ጣና ዳር፣ በሞተር ፓምፕ ከሥር ወደ ላይ በሚረጭ ውኃ መሆኑን የሰማነው ይህን ጊዜ ነው። መካኒኩ ፒኑን ቀይረው፣ በጥሩ ብየዳ አያይዘው፣ በሙቀት በሚኮማተር ላስቲክ ሸፈኑት። ፒ0141 ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ፒ0420ን የምንመረምረው ይህ ከተስተካከለ በኋላ መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ ኮምፒውተሩ የማሞቂያ ብልሽት ሲያይ የካታሊስቱን ፍተሻ ብዙውን ጊዜ ያቆማልና። እዚህ ላይ ሁለቱ ሴንሰሮች እንደማይመሳሰሉ ማወቅ ይገባል። ከካታሊስቱ በፊት ያለው የፊተኛው 3.3 ቮልት አካባቢ ሲሆን የአየርና የቤንዚን ድብልቁ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አየር በዝቷል ማለት ነው። የኋለኛው ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ሲያነብ በተቃራኒው ቁጥሩ ሲጨምር ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ካታሊስቱ ጤነኛ ከሆነ የኋለኛው ከ0.6 እስከ 0.7 አካባቢ ረግቶ መቆየት ሲገባው፣ የእኛው በሚኒሞ ወደ 0.1 እየወረደ ይወዛወዝ ነበር። ኮምፒውተሩ ምን ያህል ነዳጅ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየው የነዳጅ ማስተካከያ ቁጥር ግን ዜሮ አጠገብ ነው። ካታሊስቱ ሞቷል ለማለት ያልቸኮልነው በዚህ የተነሳ ነው፤ አየር ከፊተኛው ሴንሰር በፊት ቢገባ ኖሮ ማስተካከያው ከፍ ባለ ነበር። በሁለቱ መካከል ከገባ ግን የሚታለለው የኋለኛው ብቻ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ የሳሙና ውኃ በሁለቱ ሴንሰሮች መካከል ባለው የጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ላይ ሲፈስ አረፋው ተነሳ፤ መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተበልቷል።

ጓርኒሲዮኑ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮ መጣ፤ መንገዱ እንደፈቀደ ማለቴ ነው። ከተገጠመ በኋላ ኮዱን አጥፍቶ «አለቀ» ማለት ግን አይበቃም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በጭስ ምርመራ ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች፣ ከነዳጅ ትነት ፍተሻው በስተቀር፣ ኮምፒውተራቸው በራሱ የሚያደርገውን ፍተሻ ሁሉ ካልጨረሱ አያልፉም፤ ኮድ አጥፍቶ መሄድ ወዲያው ይታወቃል። እኛም በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን በጎንደር መንገድ በተረጋጋ ፍጥነት ነዳናት። የካታሊስቱ ፍተሻ ሲጠናቀቅ ምንም ኮድ አልተመዘገበም፤ የኋለኛው ሴንሰርም 0.7 ላይ ረግቷል።

ስካነሩን ለመካኒኩ ትቼላቸው ተመለስኩ። ወንድሜ ግን መኪናዋን ሐይቁ ዳር ማሳጠቡን እስካሁን አልተወም፤ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር አጣቢዎቹ ከሥር እንዳይረጩ መንገሩ ነው።