ሱቅ ሲገባ የሚድን ፒሲ

ፒሲውን እንድጠግንለት ሱቄ ያመጣውን ልጅ ሰሞኑን መንገድ ላይ አግኝቼው እንደ ባለውለታው አቅፎ ሰላም ሲለኝ እንደ አዲስ አፈርኩ፣ ስለዚህ ልናገረውና ይውጣልኝ።

የፒሲው ፕሮሰሰር ራይዘን 5 3600፣ ራሙ 8ና 8 ጊጋ ዲዲአር 4፣ ፍጥነቱ ላዩ ላይ 3200 ይላል። ቫሎራንት የሚባለውን ጌም ሲጫወት ኤፍፒኤሱ (በሰከንድ የሚያሳየው የምስል ብዛት) ደህና ይቆይና ልክ ጠላት ብቅ ሲል ቀጥ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የፒሲው ሴቲንግ) ገባሁ፣ ራሙ በ2133 ነው የሚሄደው፣ ራሙን ላዩ ላይ በተጻፈው ፍጥነት የሚያስኬደው ኤክስኤምፒ አልበራም፣ ሁለቱንም ራም ደሞ ጎን ለጎን ሰክተውታል። 2ኛና 4ኛው ማስገቢያ ላይ አደረግኩ፣ ኤክስኤምፒ አበራሁ፣ ታስክ ማናጀር 3200 አለ፣ ጌሙም ተስተካከለ። ራይዘን ላይ ራሙ ሲንቀራፈፍ የፕሮሰሰሩ የውስጥ መስመርም አብሮ ይንቀራፈፋል ምናምን ብዬ ሌክቸር ሰጥቼ ብሬን ተቀበልኩ።

በማግስቱ ተሸክሞት መጣ። ከፈትኩት፣ 2133!

«ባዮስ ነካክተሃል አይደል?»

«ኧረ ወንድሜ፣ ባዮስ የሚባል ነገር እንዳለ ራሱ ትናንት ካንተ ነው የሰማሁት»

«ታዲያ ራሱን በራሱ ቀየረ?»

ዝም አለ። ያ ዝምታው ነው እስካሁን የሚከነክነኝ፣ ምክንያቱም አዎ፣ ራሱን በራሱ ነበር የቀየረው።

እኔ ጋ አሳደርኩት። ሌሊቱን ሙሉ ራም የሚፈትሸው ሜምቴስት ሲሰራ አደረ፣ አንድ ኤረር የለም። የራሙ ቮልቴጅ 1.35፣ ልክ ነው። ደወልኩና «እኔ ጋ ሰርቶ አንተ ቤት እምቢ ካለ ችግሩ የቤትህ መብራት ነው፣ ስታቢላይዘር ግዛ» አልኩት፣ በምን አይነት ድምፅ መሰላችሁ፣ ስፔሻሊስት ሐኪም ነው የምመስለው።

ገዝቶ መጣ። ምስኪን። ፒሲውን ነቅዬ ላስረክበው ስል እስኪ አንዴ ልየው አለ፣ መልሼ ሰካሁት፣ ባዮስ ስከፍት ለአፓረንት (ለሥራ ልምምድ) የመጣችው ልጅ ከኋላዬ ሆና «ጋሼ፣ ቀኑ ለምንድነው 2019 የሚለው?» አትልም!

ባትሪው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ያቺ ክብ ሲአር2032 ሞታለች። ሶኬት ላይ እስካለ ሴቲንጉን ይይዛል፣ ሲነቀል ሁሉንም ይረሳል፣ እኔ ደሞ አዳሩን ሙሉ ሳልነቅለው ነው የፈተንኩት። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት ሰዓቱን ስለሚያስተካክል ልጁ አላወቀም፣ እኔ ግን ስንቴ ባዮስ ገባሁ፣ ቀኑ እዛው ከላይ ተጽፏል።

«እሱን ተይውና ካቻቢቴ አምጪልኝ» አልኳት። ባትሪውን ከመሳቢያ አውጥቼ ልጁ ስልክ እያወራ ቀየርኩት። ሲወጣ «ባትሪ ነገርም ቀይሬልሃለሁ፣ በነፃ ነው» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ከዛ ወዲህ ጌማቸው የሚቆራረጥ ሦስት ጓደኞቹን ልኮልኛል። ሦስቱም ስታቢላይዘር ገዝተው ነው የመጡት።