ተራራው ላይ ያለው ሰዓት

እውነቱን ለመናገር የወይን ጠጅ ሰው አልነበርኩም። አገር ቤት ሳለሁ ወይን ማለት ለኔ ሠርግ ላይ ጠረጴዛው መሐል የሚቀመጠው ጉደር ወይም አክሱሚት ነበር፤ እሱንም በለስላሳ ቀላቅለን ነው የምንጠጣው። ባለፈው ጥቅምት ግን የሦስት ቀን እረፍቴን አሰባስቤ ጀርመን ውስጥ ሞዘል ወንዝ ዳር ወዳሉት የወይን መንደሮች ሄድኩ። ልቀምስ ነበር፣ ግን ለቅምሻ ብቻ አልነበረም። የላኩኝ አንድ አዛውንት ናቸው። እሳቸው መላካቸውን አያውቁም።

ፍራንክፈርት ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው። እኚህ አዛውንት እኔ በምሠራበት ፎቅ ላይ ናቸው፤ ስማቸውን አልጽፍም። ዘጠናን አልፈዋል፣ የመርሳት ሕመሙም ከያዛቸው ቆይቷል። የልጃቸው ስም ይጠፋባቸዋል፣ ቁርስ መብላታቸውን ይረሳሉ። ጠዋት ካልሲ ሳለብሳቸው ግን የማይረሱት አንድ ጥያቄ አለ። «ስንት ሰዓት ነው?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። አያምኑኝም። ወደ መስኮቱ ዞረው «ተራራው ላይ ያለው ሰዓትስ ምን ይላል?» ይላሉ። መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያ ነው፣ ተራራ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። እኔም «እሱም ያው ነው» እላቸዋለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ከሕመምተኛ ጋር መከራከር እንደማይገባ ሥልጠና ላይ ተምረናል፤ እሺ ብሎ ማለፍ ነው። እኔም አለፍኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ እሺ እያልኩ አለፍኩት።

አንድ ቅዳሜ ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጥታ ኮሪደሩ ላይ ስናወራ፣ አባቷ የወይን አብቃይ ልጅ እንደሆኑ፣ ያደጉትም ሞዘል ዳር በርንካስትል አካባቢ እንደሆነ ነገረችኝ። ስለ ሰዓቱ አልጠየቅኳትም፤ የሕመሙ ነገር ነው ብዬ ስለደመደምኩ ትዝም አላለኝ። ግን የሚናፍቁትን አገር ማየት አማረኝ። እዚህ አገር ስንኖር ስለኛ አገር የሚጠይቀን ሰው ሲገኝ ደስ ይለን የለ? እኔ ግን እኚህን ሰው ስለ አገራቸው አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ከፍራንክፈርት በባቡር ኮብሌንዝ ድረስ ነው። እዚያ ሞዘል ከራይን ጋር ይገናኛል። ሞዘል ፈረንሳይ ውስጥ ከቮዥ ተራሮች ተነስቶ፣ በሉክሰምበርግ ድንበር አልፎ የሚመጣ ወንዝ ነው። የመጨረሻው ክፍል ቀጥ ብሎ መሄድ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ሜዳ ላይ እንደተጣለ ገመድ ይጠማዘዛል። በየመታጠፊያው ፀሐይ ላይ የሚውለው ገደል ሁሉ ወይን ነው፣ ጀርባውን ለፀሐይ የሰጠው ደግሞ ጫካ። ቦታው 50ኛው ዲግሪ ኬክሮስ አጠገብ ስለሆነ ለወይን ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዷ የፀሐይ ጨረር ትፈለጋለች።

መጀመሪያ ብሬም የምትባል መንደር ወረድን። አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ የሰሜን ሸዋ ገደል አፋፍ ላይ ያደገ ልጅ ነው፣ ከፍታ አያስደነግጠውም። ካልሞንት የሚባለውን ተራራ ቀና ብሎ ሲያይ ግን ዝም አለ። በአውሮፓ እጅግ ቀጥ ያለው የወይን ማሳ እሱ ነው ይባላል፤ አንዳንድ ቦታ ዳገቱ ከ60 ዲግሪ ይበልጣል። በመሐሉ የሚያልፍ የእግር መንገድ አለ፣ አስቸጋሪው ቦታ ላይ የብረት መሰላልና የሚያዝ የሽቦ ገመድ ተደርጎለታል። ስንወጣ ጓደኛዬ «እዚህ በሬ የት ይቆማል?» አለኝ። አይቆምም። ትራክተርም አይቆምም። አንድ ሐዲድ ላይ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ሞተር ሰውና ቅርጫት ያወጣል፣ ሌላው ሁሉ በእጅ ነው። በድሮው አሠራር እያንዳንዱ የወይን ግንድ ለብቻው አንድ እንጨት ላይ ይታሰርና ሁለት ቅርንጫፉ ወደ ታች ታጥፎ የልብ ቅርጽ ይሠራል። ያንን ልብ በየዓመቱ፣ በየግንዱ፣ ገደል ላይ ቆሞ የሚያስር ሰው አለ ማለት ነው። ቁልቁል ሳይ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእኚያ አዛውንት ጉልበት ለምን እንደዚያ እንዳለቀ ያን ጊዜ ገባኝ። ጠዋት ጠዋት ቅባት የምቀባው ጉልበት ነው።

መሬቱ አፈር አይመስልም። ሺፈር የሚሉት፣ በቀጭን በቀጭኑ የሚሰነጠቅ ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ነው። ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ለግንዱ ይሰጠዋል። ዝናብ ጠርጎ ሲያወርደው ደግሞ ድሮ ሰው ተሸክሞ ወደ ላይ ይመልሰው ነበር።

ቅምሻው በማግሥቱ ነው። ትልልቆቹን ትተን ወደ አንድ የቤተሰብ ጠማቂ ቤት ገባን። የተቀበሉን ስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ እናት ናቸው፣ እጃቸው የለቃሚ እጅ ነው፣ ጥፍራቸው ሥር ጠቁሯል። ወደ ምድር ቤቱ ይዘውን ወረዱ። 1000 ሊትር ያህል የሚይዙ አሮጌ የእንጨት በርሜሎች ተደርድረዋል። አንዱ ላይ ጆሮዬን እንዳደርግ ነገሩኝ። ውስጡ ይንሾካሾካል። እርሾው እየሠራ ነው። የጠጅ ጋን ላይ ጆሮውን አድርጎ የሚያውቅ ሰው ያንን ድምፅ አይስተውም።

ከዚያ መቅዳት ጀመሩ። ከደረቁ ይጀመራል፣ ትሮክን ይሉታል፣ ስኳሩ ተብላልቶ ሊያልቅ የደረሰው ነው። ሁሉም ሪስሊንግ ከሚባለው ነጭ የወይን ዝርያ ነው። በዚህ አካባቢ ሪስሊንግ እንዲስፋፋ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የትሪየር ገዢ የነበሩት ሊቀ ጳጳስ በ1787 ያወጡት ትእዛዝ ነው፣ መጥፎው ወይን ተነቅሎ በጥሩ ይተካ የሚል። የመጀመሪያዋ ጉንጭ በጣም ጎመዘዘችኝ፣ ሎሚ የነከስኩ ነው የመሰለኝ። ሴትዮዋ የትፋት ዕቃ አቀረቡልኝ። እዚህ ላይ ተቸገርኩ። ሰው ቤት ገብቶ፣ ባለቤቷ በእጇ የቀዳችልህን መትፋት! እኛ ዘንድ ከዚህ የባሰ ነውር የለም። ዋጥኩት። ሁለተኛውንም ዋጥኩት። ሦስተኛው ላይ ሴትዮዋ ገባቸውና ሳቅ ብለው፣ ከትፋኸው እስከ መጨረሻው ድረስ በደንብ ትቀምስልኛለህ፣ ለኔ ክብሩ እሱ ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ ተፋሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።

ካቢኔት የሚሉት ቀለል ያለ ወይን ላይ ስንደርስ ነገሩ ተለወጠ። አልኮሉ 8 በመቶ ብቻ ነው፤ መብላላቱ ሳያልቅ ስለቆመ የወይኑ ስኳር ቀርቶበታል። ጣፋጭ ነው፣ ግን ጉምዝዝናው ስለሚጎትተው አፍ ላይ አይከብድም። የጌሾ ምሬት የማሩን ጣዕም እንደሚይዘው ማለት ነው፣ አንዱ ያለ ሌላው ይሰለቻል። በመጨረሻ አንድ የቆየ ጠርሙስ ከፈቱ። ያንን ሳሸተው እንደ ሕፃን ሳቅኩ። ኩራዝ ነው! የላምባ ሽታ፣ የአያቴ ቤት ማታ። ተበላሽቶ ነው ብዬ አፍሬ ዝም ልል ነበር፤ ሪስሊንግ ሲያረጅ እንዲህ ይሸታል፣ ጠባዩ ነው አሉኝ።

ያልገባኝ ግን አንድ ነገር ነበር። ሁሉም ሰው ወይኑ ድንጋዩን ይሸታል ይላል። ድንጋይ ምን ሽታ አለው? ስጠይቃቸው ሴትዮዋ መልስ አልሰጡኝም። ወደ ጓሮ ወጥተው አንድ ሺፈር አመጡ፣ ከማሰሮ ውኃ አፈሰሱበትና አፍንጫዬ ሥር ያዙት። አቧራ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወድቅ ያለው ሽታ ነው፣ ከዚያ ቀዝቀዝና ሰላ ያለ። ያን እያሸተትኩ ብርጭቆውን ሳነሳ፣ አዎ፣ ከታች፣ በስሱ፣ አለ። እሳቸው ግን የዝናቡን ሽታ አይወዱትም። በለቀማ ሰሞን ዝናብ ማለት ፍሬው ውኃ ጠጥቶ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይበሰብሳል ማለት ነው። ልጅ ሳሉ ድንጋዩ መሽተት ሲጀምር አባታቸው «ቅርጫት!» ብለው ይጮሁ እንደነበር ነገሩን፤ ትልቅም ትንሽም የለቀመውን ይዞ ይሮጣል። ድንጋዩን ስጡኝ አልኳቸው። ገርሟቸው ሰጡኝ።

ማታ እራት የበላነው በራፉ ላይ መጥረጊያ በተሰቀለበት ቤት ነው። ወይን አብቃዮቹ በዓመት እስከ አራት ወር ድረስ የራሳቸውን ወይን ቤታቸው ውስጥ መሸጥ ይፈቀድላቸዋል፣ ከ40 በላይ መቀመጫ ማድረግ ግን አይችሉም። ምልክቱ መጥረጊያው ወይም የቅጠል እቅፍ ነው። እኛ ሰፈር ጠላ ያለበት ቤት እንጨት ላይ ጣሳ ይሰቅላል። ጓደኛዬ ይህን ሲያይ የተሰማውን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም፣ ለማያውቀው ሰው ሁሉ በተሰባበረ ጀርመንኛ ስለ ጣሳው ሲያስረዳ አመሸ።

ሦስተኛው ቀን በርንካስትል-ኩስ ነበርን። ወንዙ ዳር አንድ አሮጌ ሕንፃ አለ። ኒኮላውስ ፎን ኩስ የተባለው ፈላስፋና ካርዲናል እዚያው መንደር በ1401 ተወለደ፤ ሀብቱን ለተቸገሩ አረጋውያን ሰጠና በ1458 ይህን ቤት አቋቋመ። የሚኖሩበትም 33 ሽማግሌዎች እንዲሆኑ ወሰነ፣ ጌታችን በምድር በኖረበት ዓመት ልክ። አስከሬኑ ሮም ነው ያለው፣ ልቡ ግን እዚያ ቤት ጸሎት ቤት ውስጥ ተቀብሯል። ቤቱ የሚተዳደርበት ወይን ማሳ ነበረው፣ ዛሬም አለው። ዛሬም የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ግቢው ውስጥ አንዲት እናት በተሽከርካሪ ወንበር ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ከ560 ዓመት በላይ ወይን አረጋውያንን ሲጦር ማለት ነው። የእኔ ሥራ ይህን ያህል ሥር ያለው መሆኑን አላውቅም ነበርና ቆሜ ቀረሁ፣ ጓደኛዬ ነው ክንዴን ይዞ ያወጣኝ።

ከዚያ በእግር ወንዙን ተከትለን ወደ ቬለን ሄድን። ሰዓቱ ሊደርስ፣ ባቡር እንዳያመልጠን እየተጣደፍን ነበር። መንደሩ ጋ ስንደርስ ጓደኛዬ ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት እያየ «ያ ነጭ ነገር ምንድነው?» አለ።

ቀና አልኩ። ወይኑ መሐል፣ ገደሉ ወገብ ላይ፣ ቋጥኝ ላይ የተሠራ ትልቅ የፀሐይ ሰዓት።

በ1842 ነው የተሠራው። ገደል ላይ የሚሠራ ሰው ቀና ብሎ ምሳ መድረሱን፣ ወደ ቤት መግቢያ መድረሱን እንዲያውቅ። ከመንደሩም ይታያል። ማሳው ራሱ በሰዓቱ ስም ነው የሚጠራው።

ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጓደኛዬ ደክሞኝ መሰለው። ሁለት ዓመት፣ በየጠዋቱ፣ እኚህ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ሲጠይቁኝ ነበር። ጥላው የት እንደደረሰ ንገረኝ ነው የሚሉኝ የነበረው። የነበረ፣ ያለ፣ ድንጋይ ላይ የተሠራ ነገር። እኔ ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ሰዓት ከሚቆጥር ሕዝብ የመጣሁ ሰው፣ ምን ማለትዎ ነው ብዬ አንድ ቀን ብጠይቃቸው ኖሮ ምናልባት ይነግሩኝ ነበር። አሁን ለመንገር ረፍዶባቸዋል። ባቡሩ አመለጠን።

ሰኞ ጠዋት ካልሲ ሳለብሳቸው ጠየቁኝ። ስልኬን አውጥቼ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየኋቸው። ብዙ አላዩትም፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ወይኑን ልሰጣቸው አልችልም፣ ከመድኃኒታቸው ጋር አይሄድም። ስለዚህ ሺፈሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ቧንቧ ሥር አራስኩትና መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጣታቸው ራሱ አወቀው። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ቆዩ። ከዚያ ፊታቸው ተለዋወጠ፣ ከወንበሩ ሊነሱ ሞከሩ፣ እኔም ደንግጬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ዝናቡ ሊመጣ ነው» አሉ። «ቅርጫቶቹ የት አሉ?»

«ገብተዋል» አልኳቸው። «ሁሉም ገብተዋል።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ድንጋዩን ግን አልመለሱልኝም።